እማሆይን ፒያኖ ብቻ አታድርጓቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። እንጀራዬ ሠርግ ላይ ኪቦርድ መጫወት ነው፤ ስለዚህ ስለ ሙዚቃ ሳወራ እንደ ሊቅ አትቁጠሩኝ። ግን አንድ ነገር አላስችል ብሎኛል። እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ በጋዜጣም በራዲዮም በተነሡ ቁጥር "ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት" ይባልና ወደ ሕይወት ታሪካቸው ይታለፋል። የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት የተላኩ፣ በጣሊያን ወረራ ከነቤተሰባቸው ተግዘው አዚናራ ደሴት የታሰሩ፣ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከሚባል ባለ ቫዮሊን የተማሩ፣ ለንደን ለመማር ተዘጋጅተው ፈቃድ የተነፈጉ፣ ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም የገቡ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሲሰሙትም ልብ ይሰቅላል። ዘፈኑስ? እማሆይ እኮ ግጥም ጽፈው፣ ዜማ አውጥተው፣ ፒያኖውን ራሳቸው እየተጫወቱ በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ ያንጎራጎሩ ሰው ናቸው!

ብዙ ሰው ይህን ባያውቅ አልፈርድበትም። ዓመቶቹን በፈረንጆች ልጥራቸውና፣ የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ሲታተም ፒያኖ ብቻ ነበር። በ2006 "ኢትዮጲክስ" በሚባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ ሲዲ 21ኛው ሆኖ ሲወጣና ዓለም ሲያውቃቸውም ያው ፒያኖ። በድምፃቸው የተጫወቷቸው ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ቤት ውስጥ በካሴት የቀዷቸው ናቸው። ጊዜው ደርግ ነው፤ ምን ዓይነት ጊዜ እንደነበር ለናንተ አልነግርም። እነዚያ ዘፈኖች አልበም ሆነው የወጡት በ2024 ነው፣ እሳቸው በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ያውም በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ። አገር ቤት በትክክል የሰማቸው ስንቱ ነው?

እኔ ከአንድ ጓደኛዬ ስልክ ላይ በብሉቱዝ ነው የተቀበልኳቸው። ስቱዲዮ የሚባል ነገር የለም። ውጭ ወፍ ሲንጫጫ ይሰማል፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ አንዳንዴ የሚሰበር ይመስላል፤ ዛሬ ቢሆን ቀራጩ "እማሆይ እንድገመው" ብሎ ያስቸግራቸው ነበር። የሚሉት ነገር ግን ቀጥታ ነው። አንዱ ላይ ያላችሁበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና እያሉ ይጠይቃሉ። አንዱ ላይ የመስከረም ፀሐይ አለ። ሌላው አገርን አትርሱ ይላል። ልጁ ዐረብ አገር ወይ አሜሪካ ያለች እናት ስልክ ስታነሣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምንድነው? ብርዱ እንዴት ነው፣ ፀሐይ አለ ወይ ነው እኮ። ይኸው ነው ግጥሙ።

በኪቦርዴ ልከተላቸው ሞክሬ ነበር። የሠርግ ተጫዋች ግራ እጁ ሰነፍ ነው፣ እኔን ጨምሮ። ስታይሉን እንከፍታለን፣ ከበሮውም ቤዙም ራሱ ይሄዳል፣ እኛ በቀኝ እጅ ዜማውን እየያዝን ሙሽራ እናስገባለን። እማሆይ ጋ ስታይል አይሠራም። ቃሉ ረዘም ካለ ፒያኖው ይጠብቃቸዋል፣ ቃሉ ሲያልቅ ደግሞ እሳቸው ዝም ይሉና ፒያኖው ወሬውን ይቀጥላል። ምቱን በቁጥር ልያዝ ካሉ ይጠፋል። ትዝታ ይመስልና ወዲያው የአውሮፓ ትምህርታቸው ብቅ ይላል፣ ደግሞ ተመልሶ የማኅሌት ዜማ የሚያስታውስ ነገር ይመጣል። ዘፋኙ ሌላ፣ አጃቢው ሌላ ቢሆን ይህ እንዴት እንደሚመጣ አይታየኝም። ለዚህ ነው "ፒያኒስት" ብቻ ሲባሉ የሚያናድደኝ።

እዚህ ሰፈር ይህን ሳወራ "መነኩሲት እንዴት ትዘፍናለች?" የሚለኝ አይጠፋም። እንዲያውም አንድ ጎረቤቴ ተቆጥቶኛል። እሳቸው ፒያኖ ይዘው ቅዳሴ አልገቡም። ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ሰው ናቸው፤ የቱ የት እንደሚዜም ከኔና ከጎረቤቴ በላይ ያውቃሉ።

ጎንደርን ካነሣሁ አይቀር ለኛ ለጎጃሞች የሚሆነው ነገር ያለው እዚያ ነው። በ1960ዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። ቀን ቁራሽ ለምነው ሌሊት ደጅ የሚያድሩ ልጆች። የሚሰጣቸው ገንዘብ ስለሌላቸው ያላቸውን ሙዚቃ ሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለተማሪና ለችግረኛ ሊያውሉት ተነሡ። ሸክላው የወጣው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ስም ለማግኘት አይደለም። አሁን ጎጃም ውስጥ አኩፋዳ አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" ያለ ሰው ያላለፈበት ቤት አለ? በዲማ፣ በጎንጅ፣ በዋሸራ ስንቱ ቅኔ ተምሮ ወጣ። እኔም ትንሽ ቀምሼዋለሁ፣ ውሻውንም ጭምር። ለዚያ ልጅ ብለው ፒያኖ ፊት የተቀመጡ ሴት ዘፈናቸው በኛው ራዲዮ አይሰማም። ጥዋት ጥዋት ለማስታወቂያ ማጀቢያ የሚሆን ፒያኖ ሲጠፋ ብቻ ትንሽ ቆርጠው ያስገቧቸዋል፣ ስማቸውን እንኳን ሳይጠሩ።

ጎጃም ለአንድ የቅኔ ቃል ሌሊቱን ሙሉ የሚሟገት አገር ነው። ግጥሞቻቸው እጁ ቢገቡ ዝም አይልም፤ ይህ ቤት መታ፣ ይህ አልመታም ብሎ ይከራከርበታል። ክብሩም ያ ይመስለኛል፣ ዝም ብሎ "ታላቅ ነበሩ" ከማለት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት። ቀጥሎ ስለ እማሆይ ስትጽፉ የሕይወት ታሪኩን ቀነስ አድርጉትና የአንዱን ዘፈን ግጥም ሙሉውን አትሙልን። ባለመብቶቹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፣ ይገባኛል፣ ለጋዜጣ ግን ከኔ ይልቅ ይቀላል። የሚመረጠውን ለናንተ ትቼዋለሁ፤ የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ግን የመስከረሙ ይሁን፣ ለእንቁጣጣሽ እትም ይደርሳል።

አክባሪያችሁ፣
የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም