ማርቡርግን እንድንመርጥ ለረዳችሁን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

በጀርመን አገር ቤተሰባችን የሚኖርበትን ከተማ ለመምረጥ በተጨነቅንባቸው ወራት ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ፣ በባለቤቴ፣ በልጆቻችንና በራሴ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሥራ ወደዚህ አገር ሲያመጣኝ ፍራንክፈርት አጠገብ ለመኖር አስበን ነበር። መሥሪያ ቤቴ እዚያው ነው፤ ወገን አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ነገር ግን የመጀመሪያ ልጃችን ዓይነ ስውር ነው። በጀርመን ትምህርት የየክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አንደኛ ደረጃ በ4ኛ ክፍል ስለሚያበቃ፣ እዚያ ዕድሜ ላይ ለደረሰ ልጅ የሚኖርበትን ከተማ መምረጥና ትምህርት ቤቱን መምረጥ የማይነጣጠሉ ጉዳዮች ሆኑብን።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው በፍራንክፈርት ቤታቸው ያሳረፉንን ወገኖቻችንን ነው። ጎረቤታቸው ሆነን እንድንቀር ምን ያህል ይመኙ እንደነበር እናውቃለን። ሆኖም ምክራቸውን ስንጠይቅ «ለእኛ ብላችሁ አትቅሩ፤ ለልጁ የሚበጀው ማርቡርግ ነው» አሉን፤ ራሳቸውም ይዘውን ሄዱ። እንዲህ የራስን ምኞት ወደ ኋላ ትቶ የሌላውን ልጅ የሚያስቀድም ምክር የሚሰጥ ወዳጅ በሰው አገር ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው።

ማርቡርግ በላን ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት ያህል የምትርቅ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ብሊስታ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የዓይነ ስውራን የትምህርት ተቋም በዚህች ከተማ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1916፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወጣቶች ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ታስቦ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ዓይነ ስውራን ስለተማሩባትና ስለኖሩባት፣ ነጭ በትር የያዘ ሰው በመንገዷ ሲያልፍ ማንም ቆሞ አያየውም። ለእኔ ከትምህርት ቤቱ ያላነሰ ዋጋ ያለው ይህ ነው።

ይህን በተግባር ያሳየን እሱም ዓይነ ስውር የሆነ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ልጃችንን ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ይዞት ሲጓዝ፣ የትራፊክ መብራቱን ድምፅ እንዴት እንደሚለይና በመሬት ላይ የተነጠፉትን ባለ መስመር ንጣፎች በበትሩ እንዴት እንደሚከተል በትዕግሥት አስተማረው። የእኔ ትልቁ ሥጋት ድንጋይ የተነጠፈበትና ዳገት የበዛበት አሮጌው ከተማ ነበር። ወጣቱ ይህን ችግር አልሸሸገንም፤ ዳገቱን ከልጁ ጋር በእግሩ ከወጣ በኋላ ሕዝብ የሚጠቀምበትን አሳንሰር አሳየው። ወንድማችን፣ ላንተ የምንከፍለው ብድር የለንም።

የትምህርት ቤቱ መምህራን፣ ልጃችን በቅድሚያ ጀርመንኛውን ማጠናከር እንዳለበት በግልጽ ስለነገራችሁንና መንገዱን ስላሳያችሁን እናመሰግናለን። የቤታችን ባለቤት የሆኑት እናት ደግሞ፣ የቤተሰባችንን ብዛት ሰምተው ሌሎች በራቸውን ሲዘጉብን እርሳቸው ተቀበሉን፤ ቤት በገባን በ2 ሳምንት ውስጥ ለሚጠየቀው የነዋሪነት ምዝገባም የአከራይ ማረጋገጫውን ፈርመው አብረውን ቢሮ ድረስ መጡ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን።

ማየት የተሳነው ልጅ ይዛችሁ ወደ ጀርመን ለመምጣት የምታስቡ ወገኖች ካላችሁ፣ በፍራንክፈርት ባሉት ወዳጆቻችን በኩል ፈልጉን። ከተማዋን እስክታዩና እስክትወስኑ ድረስ ማረፊያችሁ ቤታችን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በማርቡርግ ነዋሪ የሆነ ቤተሰብ