«ፈጣንና ቆራጥ ውሳኔ መስጠት የሚችል»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልጄ ዘንድሮ በማኔጅመንት ስለተመረቀች የሥራ ማስታወቂያ ገጻችሁን አብረን እናነባለን። ለኃላፊነት በሚወጣው ክፍት ቦታ ሁሉ «ፈጣንና ቆራጥ ውሳኔ መስጠት የሚችል» የሚል አይጠፋም። ልጄ ይህንኑ ቃል ማመልከቻዋ ላይ ልታሰፍር ስትል ከለከልኳት። ለእሷ የነገርኳትን ለአንባቢዎቻችሁም ልንገር።

በቡና ላኪ ድርጅቶች ግዥ ክፍል 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን መታውና የኒውዮርክ ዋጋ በቀናት ውስጥ በፓውንድ ከ2 ዶላር አለፈ። ያኔ የነበሩን ሥራ አስኪያጅ ማስታወቂያው የሚፈልጋቸው ዓይነት ሰው ነበሩ፤ ስልክ ጆሯቸው ላይ እንዳለ፣ ቆመው ይወስናሉ። መስከረም ላይ፣ ገና ዛፍ ላይ ያለ 5 ኮንቴይነር የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና በቁርጥ ዋጋ ለመሸጥ ፈረሙ። አንዱ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ከረጢት ይይዛል፤ በድምሩ 96 ቶን ነው።

በዚያው ሳምንት የዲላው አቅራቢያችን ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ገበሬው በአምናው ዋጋ እሸት ቡና አይሰጥም፤ ሰብሳቢው ሁሉ እየተሻማ ነው» አለኝ። ይህን ይዤ ቢሮአቸው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሐሳብ ሰጥቼ «አንተ ግዛ፣ መወሰኑን ለእኔ ተወው» ተብዬ ነበር። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥቅምት ላይ እሸቱ በየቀኑ ሲጨምር እየከሰርን ገዛን፤ እንዲያም ሆኖ ሁለቱን ኮንቴይነር ሳንጭን ቀረን። ለዓመታት አብሮን የሠራ ገዢ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

የተኳቸው ደግሞ የጭነት መኪና ለመከራየት እንኳ ኮሚቴ ሰብስበው ቃለ ጉባኤ የሚያስይዙ ነበሩ። ቃለ ጉባኤው ሲፈረም መርከቡ ከጅቡቲ ሄዷል።

አሁን የምሠራላቸው ሥራ አስኪያጅ ሴት ናቸው። ውል ከመፈረማቸው በፊት የቡና ቀማሹን፣ የመጋዘን ኃላፊዋንና እኔን ይጠራሉ። ቀማሹ ገና 27 ዓመቱ ነው፤ መጀመሪያ የሚናገረው ግን እሱ ነው። እኔ ሽማግሌው ከቀደምኩ ልጁ አፍሮ እንደሚከተለኝ ያውቃሉ። በዙፋን ችሎትም ፍርድ የሚጀምረው ከታናሹ ነበር፤ ንጉሡ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ሦስታችንን ሰምተው ሲያበቁ ለብቻቸው ይወስናሉ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት አያሳልፉም። መኪናውን፣ ከረጢቱን፣ የቀን ሠራተኛውን ለእኛ ትተውልናል። «ፈርመን ልንመልሰው የማንችለውን ብቻ አምጡልኝ» ይላሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አቅራቢዎች ቡናቸውን ይዘው ዋጋ ይጠብቁ ጀመር። እኔ የቀረውን የጅማ ቡና ሁሉ እንግዛ አልኩ። ቀማሹ ግን ከናሙናዎቹ ገሚሶቹ እርጥበት እንዳገኛቸው ተናገረ። ሥራ አስኪያጇ ግማሹን ብቻ እንድገዛ ወሰኑ። ሐሳቤን ባይቀበሉም ያልተቀበሉበትን ምክንያት አስቀምጠው ነገሩኝ፤ በማግስቱ ሌላ ሐሳብ ይዤ ስሄድ በራቸው ላይ ቆሜ አላመነታሁም።

ቀጣሪዎችን የምለምነው ይህን ነው፦ ያንን ቃል ከማስታወቂያችሁ ብታወጡት ደግ ነው። ካላወጣችሁት ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ «በመጨረሻው ትልቅ ውሳኔህ ማንን ጠየቅህ? ማን ተቃወመህ? ምን መለስክለት?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጄ ለዚህ መልስ እየተዘጋጀች ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከቃሊቲ