ምን ጠጥተሽ ነው የመጣሽ?

ልጄ፣ እንዴት ከርመሽልኛል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ይብስበታል።

ያን ዕለት በስልክ «እማዬ፣ ሐኪምነቴ ላይ በተቀናጀ ሕክምና፣ ዘመናዊውን ከባህላዊው አጣምሮ በማከም፣ ልሠለጥን ነው» ስትይኝ ዝም አልኩሽ። የተቀየምኩ መስሎሽ ወሬ ቀየርሽ። አባትሽማ ሲሰማ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ ደብተራ ልትሆን ነው?» አለ። እኔን ዝም ያሰኘኝ ሌላ ነው።

የላክሽልኝን አነበብኩት። አሜሪካ፣ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶክተር አንድሩ ዋይል ትምህርቱን የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በ1999 ስምንት ተቋማት ተሰብስበው ኅብረት መሠረቱ። በ2014 ደግሞ ሐኪሞች ለብቻው የሚፈተኑበት የምስክር ወረቀት መጣ። ከመነሻው እስከዚህ ሃያ ዓመት ነው እንግዲህ። የኛ ሕዝብ ግን ማንም ሳያስተምረው ሲያቀናጅ ኖሯል። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ክኒን፣ ማታ ዳማከሴ። ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ባለ ነጭ ጋዎኖቹ ነን።

ይህን ነግሬሽ አላውቅም። ገና አዲስ ነርስ ሆኜ አንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አንድ አባት ልጁን በበቅሎ አመጣ። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል፤ ወጌሻ በቀርከሃ ጠፍሮ አስሮታል። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል፣ ሲነኩ በረዶ ናቸው። እስሩን በመቀስ እየቆረጥኩ አባትየውን በሰው ፊት ጮህኩበት። «ወጌሻ ጋ ሄደህ ልጅህን ገደልከው!» አልኩት። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬቱን ያያል። ልጁን ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ እጁ ግን አልተረፈም።

ወረፋው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ተራዋ ደረሰ። ደም ይፈሳታል። «የጠጣሽው ነገር አለ?» አልኳት። «ምንም» አለችኝ። ሌሊት ጽንሱ ወረደ። ሲነጋ እህቷ ጓሮ ወስዳ ነገረችኝ፤ ለሆድ ቁርጠት ብላ ጤና አዳም አፍልታ ስትጠጣ ሰንብታለች። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። የሱ ሥራ ይሁን የሌላ ዛሬም አላውቅም። አፏን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከሥልጠናው አጥብቀሽ እንድትይዥልኝ የምፈልገው አጠያየቁን ነው። «የባህል መድኃኒት ወስደሻል?» ካልሻት ትክድሻለች። «እኛም ቤት ሲያመን ዳማከሴ እንጨምቃለን፣ አንቺስ ምን ጠጥተሽ ነው የመጣሽ?» በያት። ነጭ ሽንኩርት በማር እያደረገ የሚውጥ የልብ በሽተኛ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ሲታዘዝለት ደም እንዳይፈሰው መጠየቅ አለበት። ኮሶ ያበዛ ሰውም ዓይኑ ሊጎዳ ይችላል።

ደግሞ ባህላዊ ስለሆነ ብቻ አትመኚው። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣትም ባህል ነበሩ። ስንት ሕፃን አጥተናል!

አባትሽን ዝም ያሰኘሁት በምን መሰለሽ? በወባ መድኃኒቱ በኮአርተም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ደምቢያን ወባ ከፈጃት ብዙ አልቆየም ነበር። ዛሬ ለወባ የምናድለው ኮአርተም ዋናው ነገሩ ከየት መጣ? ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የጥንት የመድኃኒት መጽሐፍ አገላብጣ፣ ከኛ አሪቲ ዘመድ ቅጠል ያወጣችው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመችበት። የኛም አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ በሽታውን የመከላከያ መንገድ ፈለገ። አባትሽ «እሱማ ሳይንቲስት ነው» አለ። እኔም ታዲያ ልጅህስ ምንድናት አልኩት።

ሰፈራችን ያለውን ወጌሻ ታስታውሽዋለሽ፣ ቁርጭምጭሚትሽን ያሸሽን? አሁን ስብራት ከመሰለው ራጅ ሳያይ አልነካም ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አገኘሁት። ራጁን ወደ ፀሐይ አንሥቶ እንደሚያይ፣ ግን ሁልጊዜ እንደማይገባው ነገረኝ። «ዶክተሯ ስትመጣ ታሳየኝ» አለ። ባንቺ ስም እሺ ብያለሁ፤ ለጥምቀት ስትመጪ ግማሽ ቀን ያዢለት።

እናትሽ
ከጎንደር