«ለምን እዚያ ይኖራሉ?» ላልሽኝ

ሚጡዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ ልበል ወይስ እንዴት ከረምሽ? ለዘጠኝ ዓመት ዝምታ የሚሆን ሰላምታ አጣሁ። ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቀድሞ መጻፉም የኔ ዕዳ ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቁ አሁን ቁመቱ ሳይበልጥሽ አይቀርም። አንቺን መብለጥ እንኳ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ አትቆጪ።

እማዬ ደህና ናት። አሁንም እዚያው የድሮ ሰፈራችን ዘነበወርቅ ነች፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የሚጣልበት ቆሼ አጠገብ። እኔ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ የካ አባዶ ገብቻለሁ። ነይ አብረን እንኑር ስላት «ከጎረቤቶቼ ነጥለሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ልትሰቅይኝ ነው?» ትለኛለች። እኔም እሑድ እሑድ እመላለሳለሁ።

ያን ጊዜ ያልሽኝን ታስታውሺ ይሆን? መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ የቆሼ ክምር ተናደ። አንቺ ሰኞ ደወልሽ። ሰው ገና እየተቆፈረ ነበር። ስካቫተሩ አንድ ጊዜ በዛቀ ቁጥር ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደፊት ይራመዱ ነበር፤ ብርድ ልብስ ወይ ድስት ሆኖ ሲገኝ ይመለሳሉ። ጾም ነበር፣ ግን የጾም ነገር ማን ትዝ ይለዋል፣ የሚበላም አልነበረም። የሞቱት ከ110 በላይ ሆኑ። አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። አንቺ ታዲያ ጥቂት አለቀስሽና «ግን ቆይ፣ ሰዎቹ ለምን እዚያ ይኖራሉ?» አልሽኝ። ዘጋሁት።

ጥያቄው አይደለም ያናደደኝ። ጠያቂዋ ነሽ። ትምህርት ቤት ሰፈራችሁ የት ነው ስንባል «አየር ጤና» ብለን የምንዋሸው እኔና አንቺ አልነበርንም? አየር ጤና! ስሙን ያወጣው ሰው ነፋሱ ወደ ሌላ በሚነፍስበት ቀን ሳይሆን አይቀርም የመጣው። እማዬ ልብስ አስጥታ በረንዳ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲነሳ «አስገቡ!» ብላ ትጮሃለች፤ እኛ እየሮጥን እንሰበስባለን። ከሳሙናው ሽታ ጋር ያ ሌላው ሽታ ተቀላቅሎ የደንብ ልብሳችን ላይ ይቀር ነበር።

ለጥያቄሽ መልስ አለኝ፣ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ። ከጣሊያን ወረራ በፊት እዚያ ሜዳ ላይ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተሠራ። ያኔ ከከተማ ውጭ ነው፣ ሕመምተኞቹ እንዲርቁ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጣው ሰው ቢድንም ወደ አገሩ የሚመለስበት ፊት አልነበረውም። እዚያው ጎጆ ቀልሶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ቀረ። ከዚያ በ1950ዎቹ ከተማው ቆሻሻውን የሚጥልበት ቦታ ፈለገ። የት ጣለው? ጮኾ የሚከለክለው ሰው በሌለበት። እና ሚጡዬ፣ ቆሻሻው ነው ወደ ሰዎቹ የመጣው።

እርግጥ በኋላ ሰዎችም ወደ ቆሻሻው መጥተዋል። ኪራይ የሚረክሰው እዚያ ነው። ሃይላንድና ብረት ለቅሞ ምናለሽ ተራ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ከክምሩ አጠገብ ማደር ትራንስፖርት ማትረፍ ነው። የሽታው ዋጋ ከኪራዩ ላይ ተቀንሶለታል ማለት ነው። ይሄን «ምርጫ» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

የሰንዳፋን ነገር የሰማሽ አይመስለኝም። ቆሼ ሞልቷል ተብሎ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ኦሮሚያ ውስጥ፣ ሰንዳፋ፣ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራ፤ በ2008 ሥራ ጀመረ። ወራት ብቻ ነው የሄደው። ክረምት ላይ ገበሬዎቹ እምቢ አሉ፦ መሬታችን በማይረባ ካሳ ተወሰደ፣ ወንዛችን ተበከለ፣ ሽታው አላስቀምጥ አለን። ኦሮሚያ በተቃውሞ የምትናጥበት ዓመት ነበርና መኪኖቹ ዞረው ወደ ቆሼ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ክምሩ ተናደ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ «ገበሬዎቹ ባያስቸግሩ ኖሮ» የሚል ሰው ሰማሁ። ያኔ ያላልኩትን አሁን ልበልልሽ። የሰንዳፋ ገበሬና የዘነበወርቅ ሴት ተፋጠጡ፤ ቆሻሻውን የሚያመርተው ከተማ ግን መሐል ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ቦሌ ወይም ኦልድ ኤርፖርት ይጣል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ለቀልድ እንኳ።

አንቺ አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ራሌ ነው ያለሽው አይደል? ካንቺ የአንድ ሰዓት መንገድ ዋረን ካውንቲ የሚባል አለ። በ1982 እንደ ፈረንጆቹ፣ ፒሲቢ በሚባል መርዝ የተበከለ አፈር አምጥተው ድሃና ጥቁር ገበሬዎች ሰፈር ቀበሩት። ሕዝቡ መኪኖቹ ፊት አስፋልት ላይ ተኛ። ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። አፈሩ ግን ተቀበረ። ሳነበው የእማዬ «አስገቡ!» ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እስኪ አንድ ቀን ልጆቹን ይዘሽ በዚያ በኩል እለፊ።

እኛ ዘንድ ሕጉ ያማረ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አዋጅ 300/1995 ደግሞ ብክለት ያየ ማንም ሰው፣ የራሱ ጥቅም ባይነካ እንኳ፣ ማመልከት ይችላል ይላል። እማዬ አንድ ክረምት ጥቁር ውሃ ግቢዋ ሲገባባት ልታመለክት ሄደች። የት ቢሮ እንደሆነ ይቅር። ገብታ ሳትቀመጥ ጸሐፊዋ ተነስታ መስኮት ከፈተች። እማዬ ማመልከቻውን ይዛ ተመለሰች። ነጠላዋ ታጥቦ ነበር እኮ፣ ነገሩን ስትነግረኝ ሦስት ጊዜ ደጋገመችልኝ።

ከአደጋው በኋላ በነሐሴ 2010 እዚያው አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደ። መኪኖቹ ግን አሁንም ወደ ክምሩ ይወጣሉ።

ደግሞ ሌላ ወሬ። በ2020 ዓ.ም. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ባለሥልጣኖቻችን ለሀብታሞቹ «ጭሱን ያወጣችሁት እናንተ፣ ድርቁና ጎርፉ የሚመታው እኛን» ይሏቸዋል። እውነት ነው፣ እኔም አጨበጭባለሁ። ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ሰንዳፋ ሄደው ቢሰሟት ደግሞ ሁለት እጥፍ አጨበጭብ ነበር።

እኔ ንጹሕ ነኝ እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ኮንዶሚኒየማችን ሥር ማኅበሩ በኩንታል ሰብስቦ ይወስዳል፣ ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ የት ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው እሑድ እማዬ ጋ ልሄድ ስወጣ የሙዝ ልጣጭና የልጄን ዳይፐር በፌስታል ይዤ ወረድኩ። ገንዳው ውስጥ ልጥል ስል እጄ ቆመ። ይሄም ወደ እሷ ነው የሚሄደው፣ እኔ በታክሲ፣ እሱ በቆሻሻ መኪና። ጣልኩት ግን። ሌላ ምን ላድርገው?

እማዬ «ያቺ ልጅ ደውላ ታውቃለች?» ትለኛለች፣ እኔ ሥራ በዝቶባት ነው እላለሁ። ይሄን ውሸት ከዚህ በላይ አልችለውም። ስልኬ ያው የድሮው ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ ደውዪ፣ እሷ ጋ ነኝ፤ በረንዳው ላይ ኔትወርክ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ታንሳው።

ያንቺው