የቆሎ ሻጯን ስም ጠይቅልኝ

ይድረስ ለውድ አብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? የሜሪላንድ ብርድ እግራቸውን አልጎዳቸውም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስንት ዘመን ተጠፋፋን! ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንተሳሰብም። ናፍቆቱ አላስችል አለኝ፤ በዚያ ላይ ከአንተና ከእማማ በቀር የሚፈታልኝ የሌለ ጉዳይ ገጠመኝ።

የድሮ የደብረ ሲና ፎቶ እየሰበሰብኩ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ሣጥን እያስከፈትኩ፣ ቡናቸውን እየጠጣሁ። መጀመሪያ ለልጆቼ አንድ አልበም ላዘጋጅ ብዬ ነበር፤ አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሥራ ሆኗል።

የቤተ መንግሥት ሰው ፎቶ አልጠፋም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመኖቹ ቦያጂያኖች ነገሥታቱንና መኳንንቱን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥም ብዙ የድሮ ፎቶ ተቀምጧል። የእኛን ከተማ ሰው ግን ማን ያስቀምጠው? ቤት ውስጥ የማገኘው አብዛኛው የፎቶ ቤት ፎቶ ነው። ሥዕል ካለበት መጋረጃ ፊት፣ ከፎቶ ቤቱ በተዋሱት ኮትና ክራቫት ቀጥ ብለው የቆሙ፣ አጠገባቸው ሬዲዮ ወይም የፕላስቲክ አበባ። ጀርባው ላይ «ለማይረሳው ወዳጅነታችን መታሰቢያ ይሁን» የሚል ጽሕፈት፣ ስም፣ አንዳንዴም ቀን አለ። ከተማዋ ግን የለችም፤ መጋረጃው ሸፍኗታል።

መንገዱንና ገበያውን ያነሳልን መንገደኛ ነው። ጣሊያን የጣርማ በርን ዋሻ ከፈልፈለ ወዲህ የደሴ መንገደኛ ሁሉ በእኛ በኩል ያልፍ የለ? ከ1955 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ሲሰማሩ ብዙዎቹ ካሜራ ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ ያነሳው ስላይድ በቅርቡ በስካን ደረሰኝ። ኮዳክሮም የሚሉት ፊልም ነው፤ ቀለሙ ዛሬ የተነሳ ይመስላል። በኋላ እኛ ያሳተምናቸው ባለ ቀለም ፎቶዎች እንኳ ቀልተው አልቀዋል።

ሎንቺና ቆሟል። ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ገመድ ያጠብቃል። ከኋላ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ጣራዎቹን ነክቷል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አደግድጋ፣ ቆሎ የሞላ ስፌት በሁለት እጇ ወደ መስኮቱ አንስታለች፤ ከውስጥ ሳንቲም የያዘ እጅ ብቻ ይታያል። አንገቷ ላይ የተነቀሰችው ሦስት ረድፍ ነው፤ ታችኛው ረድፍ በቀኝ በኩል ሳያልቅ ተቋርጧል። ስላይዱ ጠርዝ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ደብረ ሲና» ብቻ ነው። የማን እናት፣ የማን እህት እንደሆነች ያነሳት ሰው አላወቀም።

አሁን ልብ በል። ከእናንተ ሰፈር ካገኘኋቸው የፎቶ ቤት ፎቶዎች አንዱ ላይ አንዲት ሙሽራ አለች። ያው ንቅሳት፣ ያው የተቋረጠ ረድፍ። ጀርባውን ገልብጬ ሳየው አልበም ላይ ተለጥፎ ኖሮ ጽሑፉ ከሙጫው ጋር ተልጧል፤ የቀረው «ለእህቴ ለ» የሚለው ነው። የእማማን የልጅነት ስም የሚጀምር ፊደል የመሰለ ጭረትም አየሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ስለዚህ ሁለቱንም ልኬልሃለሁ። ምንም ሳትነግራቸው አሳያቸው፤ ስም ቀድመህ ካነሳህ እሺ ይሉሃል።

ለምን ይህን ያህል ትቸኩላለህ እንዳትለኝ። አንድ ቤት የ1967 የዕድገት በኅብረት ዘማቾች በቡድን የተነሱት ፎቶ አለ፤ የአንዱ ፊት በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። በቀይ ሽብር ጊዜ ቤት ሲፈተሽ ልጃቸው እንዳይታወቅ የቆረጡት እናቱ ናቸው። ያን ጊዜ ስንቱ አቃጠለ፣ ስንቱ ቀበረ። እኚህ እናት ግን የተቀረውን አስቀርተውታል። የቆሙትን ልጆች አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ስማቸውን ጠሩልኝ፤ ቀዳዳው ላይ ሲደርሱም አላለፉትም፣ ጠሩት። ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ ማን ይነግረኝ ነበር?

እማማ ሲሄዱ በሻሽ ቋጥረው የያዟቸው ፎቶዎች እጃቸው ላይ እንዳሉ አውቃለሁ። አደራህን፣ ሙጫ ባለው አልበም ላይ ያሉትን ለማላቀቅ አትታገል፤ እንዳሉ አንሳቸው። መስኮት አጠገብ ዘርግተህ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ አድርገህ። የሚገለበጠውን ጀርባውንም አንሳ፤ ባዶ ቢመስልም አንሳው፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አንዳንዴ ደብዝዞ ይገኛል። እማማ የሚነግሩህን ስም በእርሳስ ጀርባው ላይ ጻፍ፤ እስኪርቢቶ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይዘልቃል። ከሁሉ በላይ ሲያወሩ ድምፃቸውን ቅዳልኝ። ከአንድ ፎቶ ተነስተው የጎረቤቱን ሁሉ ታሪክ የሚያወጡ ሰው ናቸው፤ አታቋርጣቸው። በቴሌግራም ስትልክልኝ በፋይል ይሁን፣ እንደ ፎቶ ከላክኸው ጨምቆ ያበላሸዋል።

መልስህን ባትጽፍ እንኳ ደውልልኝ፤ ማታ ማታ ቤት ነኝ። ባለቤትህንና ልጆችህን ሰላም በልልኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ።

አብሮ አደግህ፣
ከደብረ ሲና