ለእማዬ፦ ስለ እቴጌ ማሪ አንቷኔት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ያቺን ኬክ ይብሉ ያለችውን ንግሥት የገደሉበትን አደባባይ አየሽው?» ብለሽኝ ሳልመልስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። አይቼዋለሁ እማዬ። ኮንኮርድ ይባላል፤ መሀሉ ላይ ከግብፅ የመጣ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል፣ ዙሪያውን መኪና ይተራመሳል። የፈረንሳይዋ ንግሥት የማሪ አንቷኔት ነገር ግን በስልክ ተወርቶ አያልቅምና ልጻፍልሽ። የእኛ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

በመጀመሪያ ኬኩን እንገላገለው፤ «ዳቦ ካጡ ኬክ ይብሉ» የሚባለውን አላለችውም። ፈላስፋው ሩሶ የማንንም ስም ሳይጠራ አንዲት ልዕልት እንዲህ አለች ብሎ ወሬውን ሲያሰፍር እሷ ገና ቪየና ውስጥ ልጅ ነበረች። ለምን እንደተለጠፈባት ለአንቺ ማስረዳት የለብኝም። በእኛው 1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ማታ የወሎ ረሃብና የቤተ መንግሥቱ ድግስ በቴሌቪዥን ሲፈራረቁ ያየሽ ሰው ነሽ።

እኔን ይዞ ያስቀረኝ ከእናቷ ጋር የተጻጻፈችው ደብዳቤ ነው። እናቷ ማሪያ ቴሬዛ ኦስትሪያን በራሷ ሥልጣን የገዛች፣ 16 ልጆች የወለደች ሴት ናት። አሥራ አምስተኛዋን በ1770 ለፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ዳረቻት። ልጅቱ 14፣ ልጁ 15 ዓመቱ ነበር፤ ያጋባቸውም ለዘመናት ሲዋጉ የኖሩ ሁለት ቤተ መንግሥታት የገቡት ኪዳን ነው። ከዚያ በኋላ እናትየዋ ደብዳቤ ታዘንብባት ጀመር። መጽሐፍ አንብቢ፣ ፈረስ መጋለቡን ተዪ፣ ጠጉርሽ ላይ ላባ መቆለል ምን ይሉታል፣ ቁማሩስ! ልጅቱ እናቷ ይህን ሁሉ ከየት እንደምትሰማ ግራ ይገባት ነበር። ለካ አማካሪ ተብሎ አጠገቧ የተቀመጠው የኦስትሪያው አምባሳደር መርሲ ለእናትየዋ በድብቅ ይጽፍ ኖሯል። (አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ዝም ብል ይሻላል።)

ምክሩ አብዛኛው ልክ እንደነበር አልክድም። ግን እማዬ፣ አንቺ እኔን የሸኘሽኝ ዲግሪዬን ይዤ፣ ክፉና ደጉን ለይቼ ነው። ማሪያ ቴሬዛ ሕፃን ልጇን ለፖለቲካ ሰጥታ ስታበቃ «ለምን አልበሰልሽም» ብላ ትቆጣታለች። ጋብቻው ሰባት ዓመት ሙሉ በወጉ ሳይፈጸም ሲቆይ የአውሮፓ አምባሳደሮች ሁሉ ስለ መኝታ ቤታቸው ይጻጻፉ ነበር፤ ነቀፌታው ያረፈው ግን በሚስቲቱ ላይ ነው። ይህን መቼም ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በ1778 የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንኳ ክፍሉ እንደ ደንቡ በተመልካች ተጨናንቆ ራሷን ሳተች። የተወለደችው ሴት ናት። እናትየዋ ወንዱን ውለጂ እያለች ስትወተውት በ1780 ዐረፈች፤ ወንዱ የመጣው በተከታዩ ዓመት ነው።

የአልማዝ ሐብሉን ቅሌት ሰምተሽ ይሆናል፤ አጭበርባሪዎች በስሟ የገዙት ነው፣ እሷ የምታውቀው አልነበረም። ገንዘብ ማባከኗ እውነት ነው። ሆኖም በ1788 የመንግሥት በጀት ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ወጪ በጠቅላላ ከመቶ 6 ገደማ ሲሆን፣ ዕዳ መክፈያው ግማሹን ይበላ ነበር፤ ያ ዕዳ ደግሞ አሜሪካኖችን ለመርዳት በተደረገው ጦርነት አብጧል። ሕዝቡ ግን የሚያየው ዕዳውን ሳይሆን የእሷን ቀሚስ ነው።

በጁን 1789 የበኩር ወንድ ልጇ በ7 ዓመቱ ሞተባት። በወሩ አብዮቱ ፈንድቶ ባስቲል የሚባለው ምሽግ እስር ቤት ተሰበረ። በኦክቶበር የፓሪስ የገበያ ሴቶች ዳቦ ጠፋ ብለው በዝናብ እየተደበደቡ ንጉሡ እስከሚኖርበት ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ድረስ በእግራቸው ሄዱ፣ በማግስቱም ንጉሡን ከነቤተሰቡ ይዘው ተመለሱ። እሷ ቬርሳይን ዳግመኛ አላየችውም።

ንጹሕ ነበረች እያልኩሽ አይደለም። በ1792 ፈረንሳይና ኦስትሪያ ሊዋጉ ሲሉ የፈረንሳይን የጦር ዕቅድ ለዚያው ለመርሲ ልካለታለች፤ ይህ በየትም አገር ክህደት ነው። የሚገርመው፣ ችሎት ፊት ስትቀርብ ከሳሾቿ የዚህ ማስረጃ በእጃቸው አልነበረም። በምትኩ ምን አመጡ መሰለሽ? የ8 ዓመት ልጇን ነጥለው ወስደው፣ እናቴ አባልጋኛለች የሚል ቃል አስፈረሙት። ኤበር የሚባለው ሰው ይህን በአደባባይ ሲናገር ዝም አለች። መልሺ ተብላ ስትያዝ «ያልመለስኩት፣ እናት ላይ ለቀረበ እንዲህ ላለ ክስ መመለስን ተፈጥሮ ራሷ ስለማትፈቅድ ነው። እዚህ ያሉትን እናቶች ሁሉ እማፀናለሁ» አለች።

ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ በእነሱ ኦክቶበር 16 ቀን 1793፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ለባሏ እህት ለኤሊዛቤት ደብዳቤ ጻፈች። ልጄ የእኛን የወላጆቹን ሞት ለመበቀል ፈጽሞ አያስብ ትላለች። ቀጥላ ስለዚያ ቃሉ ትለምንለታለች፤ ዕድሜውን አስቢ፣ ልጅን የፈለጉትን ማናገር ቀላል ነው፣ ይቅር በይው ትላለች። ሊገድሏት ሰዓታት ቀርተው የጨነቃት አክስቱ ልጁን እንዳትቀየመው ነው! እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣ ብዬ መጣሁ።

ደብዳቤው ለኤሊዛቤት አልደረሳትም፤ እሷንም በ1794 ገደሏት። ልጁ በ1795 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ወረቀቱ ከባለሥልጣን ባለሥልጣን እጅ ሲዘዋወር ኖሮ የተገኘው በ1816 ነው። ያኔ በሕይወት የተረፈችው ያቺ የመጀመሪያ ልጇ ብቻ ነበረች፤ ዕድሜዋም 37፣ ልክ እናቷ የሞተችበት።

አሁን አንቺ ፍረጂ፤ በማሪያ ቴሬዛ ላይ ምን ትያለሽ? አንቺ ብትሆኚ ትድሪያት ነበር? በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ መልሺልኝ፣ የእጅ ጽሑፍሽንም ማየት እፈልጋለሁ። ለአክስቴ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ከፓሪስ