የንባብ ክበብ ዘገባ፦ ዓመቱን ከጂሚ ፒተርስ ጋር

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ሰው ይዞ ዓመቱን ጨረሰ። ጂሚ ፒተርስ ይባላል። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር የራግቢ ተጫዋች ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። አንዱ ልጃችን ከራግቢ ልምምድ ጭቃ እንደተለወሰ ቀጥታ ወደ አማርኛ ክፍል መጣና «ቲቸር፣ ስለ ራግቢ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እናንብብ» አለኝ። ፈለግን፣ ለልጅ የሚሆን አጣን። እንግዲያው እኛው እንጻፈው ተባባልን። የለንደን ልጆች ናቸው፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል፤ ጭንቁ አማርኛው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። የተጻፈ አንቀጽ ሁሉ አገር ቤት ላለ አያት ወይም ዘመድ በስልክ ይነበባል። የሰማው ሰው ካልገባው እንደገና ይጻፋል።

ይህ ሕግ ብዙ አስተማረን። «ኳሱ እንቁላል ይመስላል፣ በእጅ ይዘው ይሮጡበታል፣ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ግን ክልክል ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ተጽፏል። ፒተርስ የሚጫወትበትን ቦታ፣ ፍላይ ሃፍ የሚሉትን፣ ከብዙ ክርክር በኋላ «ኳስ አከፋፋይ» አልነው።

የልጅነቱ ታሪክ ከባድ ነው። በ1879 ሳልፎርድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከጃማይካ የመጣ የሰርከስ ሰው ነበር፣ አንበሳ ያሠለጥን ነበር፤ አንበሳ ገደለው። ልጁም ሰርከስ ውስጥ ያለ ኮርቻ ፈረስ ይጋልብ ጀመር። ከዚያ ክንዱ ተሰበረ። የማይጋልብ ልጅ ለሰርከስ አይጠቅምምና ገና በ11 ዓመቱ ጥለውት ሄዱ። ይህን ያነበበችው ልጅ ደሴ ላሉት አያቷ ስታሰማቸው ዝም ብለው ቆዩና «እናቱስ? እናት የለውም እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ደነገጥን። ማናችንም ስለ እናቱ አንድ መስመር አልጻፍንም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ራሷ አጣርታ መጣች። እናቱ ሐና ጎፍ ትባላለች፣ ከሽሮፕሽር የሆነች ነጭ እንግሊዛዊት ናት። አባትየው ከሞተ በኋላ ልጆቿን ማሳደግ አቅቷት ጂሚን ለሌላ ሰርከስ እንደሰጠችው ይነገራል። አሁን ጽሑፋችን የሚጀምረው ከእናቱ ነው።

ከሰርከሱ በኋላ ሳውዝዋርክ ወዳለ የሕፃናት ማሳደጊያ ገባ፣ ከዚያም ግሪንዊች ወዳለው ሌላ ማሳደጊያ። ሁለቱም ሰፈሮች ልጆቻችን በአውቶቡስ የሚያልፉባቸው ናቸው። ግንቦት ላይ ግሪንዊች መናፈሻ ሄደን ኮረብታው ላይ ተቀምጠን ይህንን ክፍል ጮክ ብለን አነበብነው። ጂሚ እዚያ አናጢነትና የኅትመት ሥራ ተማረ፣ በስፖርትም የልጆቹ አለቃ ሆነ።

ብሪስቶል ሄዶ ኖውል ለሚባል ክለብ ሲጫወት አንድ የኮሚቴ አባል በጂሚ ቀለም ምክንያት ተቃውሞ ከኮሚቴው ወጣ። በ1902 ወደ ፕሊመዝ ተዛወረ። እዚያ ሰው ወደደው። መጋቢት 17 ቀን 1906 ኤድንብራ ላይ ስኮትላንድን 9 ለ 3 ያሸነፈው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ ፓሪስ ላይ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ፣ ተሰለፈ። 35 ለ 8 አሸነፉ።

ክበቡን ሦስት ሳምንት ያከራከረው የዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። የደቡብ አፍሪካ ቡድን እንግሊዝን ልትጎበኝ መጣች። ጥቅምት ላይ ፕሊመዝ ካለችበት ከዴቨን አውራጃ ቡድን ጋር ስትገጥም ፒተርስ ዴቨን ውስጥ ስላለ የደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች «ከጥቁር ጋር አንጫወትም» ብለው አስቸገሩ፣ ሰው ገብቶ በልመና ነው ሜዳ የወጡት። ታኅሣሥ 8 ቀን ደግሞ ክሪስታል ፓላስ ላይ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጋር 3 ለ 3 ወጡ። ፒተርስ አልነበረም።

ይህን በአማርኛ እንዴት እንበለው? አንዱ «ሳይመረጥ ቀረ» ብሎ ጻፈ። የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ እጇን አወጣች። «እንደዚያ ካልን እሱ የደከመ ይመስላል፤ ራሱ የቀረ ይመስላል» አለች። ቦርዱ ላይ «ቀረ» እና «አስቀሩት» ብዬ ጎን ለጎን ጻፍኩ። መጋቢት ላይ ሁለት ጊዜ መረጡት። በ1907 እንደገና ለአየርላንዱና ለስኮትላንዱ ጨዋታ መረጡት። ደቡብ አፍሪካ ስትመጣ ግን ቦታ ጠፋ። «አስቀሩት» አሸነፈ። እኔም እስማማለሁ። አማርኛ እያስተማርኩ ስንት ዓመቴ፣ የአንዲት «አስ» ክብደት እንደዚያ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም።

በ1908 ከዌልስ ጋር ተጫውቶ አምስተኛና የመጨረሻ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታውን አደረገ። በ1910 በአናጢነት በሚሠራበት መርከብ መሥሪያ ሥራ ላይ ሳለ ሦስት ጣቶቹን አጣ። አገር ቤት አናጢ የነበረ አንድ አባት ክፍል ድረስ መጥቶ መላጊያና ምስማር አሳየን። ምስማሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ፣ የቀሩትን ጣቶች እንጨቱ ላይ ደገፍ አድርጎ፣ «ሦስቱን አጥፉና ሞክሩት» አላቸው። ልጆቹ ሞከሩ፣ ምስማሩ ይወድቃል። ፒተርስ ግን በዚያ እጅ ኳስ ይዞ ቀጠለ። በኋላ ገንዘብ ተቀብለሃል ተብሎ ጨዋታውን በሚያስተዳድረው ራግቢ ዩኒየን ታገደ፣ ያኔ ለተጫዋች መክፈል ፈጽሞ ክልክል ነበርና። እሱም ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ክፍያ የተፈቀደበትን ሌላ ዓይነት ራግቢ፣ ራግቢ ሊግን፣ ተጫወተ፤ በ1913 ለባሮ ክለብ፣ በ1914 ለሴንት ሄለንስ ክለብ። በ1954 አረፈ። ከእሱ ቀጥሎ ጥቁር ተጫዋች የእንግሊዝን ማሊያ የለበሰው በ1988 ነው፣ ክሪስ ኦቲ።

በመጨረሻ አንድ ስህተት ላርም። በወላጆች ቀን ኮሪደሩ ላይ የሰቀልነው ጽሑፍ ፒተርስን «ነጭ ያልሆነ የመጀመሪያው የራግቢ ብሔራዊ ተጫዋች» ይላል። ልክ አይደለም። በ1871 በተደረገው የመጀመሪያው የአገር ለአገር ጨዋታ ለስኮትላንድ የተሰለፈው አልፍሬድ ክሉኒስ ሮስ በእናቱ ማላይ ነበር፣ የተወለደውም ኮኮስ ደሴቶች ላይ ነው። ይህን ያገኘው ያ ጭቃ ለብሶ የመጣው ልጅ ነው። አዲሱን ወረቀት እሱ ጽፎታል፣ አያቱም ሰምተው «ገብቶኛል» ብለዋል። መስከረም ስንመለስ ይሰቀላል።